የዘንዶና የሙሽራ ወር

ታላቅ ወንድሜ በሞተ ሰሞን አንዲት በዕድሜ የገፉ ዘመዳችን ሊጠይቁኝ መጡ። ሶፋው ላይ ጥቅልል ብዬ ስልኬ ላይ አፍጥጬ አገኙኝ። ምን እንደማነብ ጠየቁኝ። ስልኩን ገልበጥ ላደርገው ስል ቀደሙኝ። የመጽሐፉ ሽፋን ላይ የሸሚዙ ቁልፍ የተከፈተ ጎረምሳና ፀጉሯ በነፋስ የሚበተን ሴት ተቃቅፈው ቆመዋል። መነጽራቸውን አስተካክለው ደህና አድርገው አዩት። ተግሣጽ ስጠብቅ ራሴን ዳበስ አድርገው፣ «ደግ አደረግሽ ልጄ፤ ያስረሳሻል» አሉኝ።

ክፉ ንግግር አልነበረም። እንዲያውም በዚያ ሳምንት ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ ለስለስ ያለው እሱ ነው። ግን ከነከነኝ። ገና ከበሩ ሳይወጡ በሆዴ መልስ መፈለግ ጀመርኩ። የሚያስረሳ ነገር ብፈልግ ኖሮ እንቅልፍ ነበረ፣ ሥራም ነበረ። እኔ አንድ ወር ሙሉ ዘንዶ የሚጋልቡ ሰዎችና እየተጣሉ የሚፋቀሩ ሰዎች ታሪክ ሳነብ ስከርም ወንድሜን አንዲት ቀን አልረሳሁትም። ታዲያ ምን እያደረግኩ ነበር?

እስካሁን ጥርት ያለ መልስ የለኝም። ያለኝን ልበል።

ሁለት ጨረቃ

ጋሼ ነበር የምለው። በብዙ ዓመት ስለሚበልጠኝ ከወንድምነቱ አባትነቱ ያደላል። «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ይባላል፤ እኔ የጋሼን አንገት ማስረዘም አልፈልግም። ቀጠሮ አያከብርም። የተበደረውን ይረሳል። ክርክር ከጀመረ ደግሞ ተሸንፎም አያቆምም። መጽሐፍ የሚባል ነገር አያነብም ነበር። እኔ ሳነብ ካየኝ አጠገቤ ዘፍ ይልና፣ «እሺ፣ መጨረሻው ምን ሆነ?» ይለኛል። ገና መጀመሪያው ላይ ነኝ እለዋለሁ። «ታዲያ ገልጠሽ እይውና ንገሪኛ! እኔ ሥራ አለብኝ» ይላል። ሥራ የለውም።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ስለ ሐዘንና ስለ መጽሐፍ የሚጻፉ ነገሮች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ሟቹ ከሚወዳት መጽሐፍ ነው። ገጾቿ መሃል የተረሳ ወረቀት ይገኛል፤ ጠርዟ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ይነበባል። እኔ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ጋሼ ለዘንዶም ለሙሽራም ደንታ አልነበረውም። ያነበብኩት ለራሴ ነው።

መጀመሪያ የቀረበልኝ ግን ሌላ ነበር። ወዳጆቼ ስለ ሐዘን የተጻፉ መጻሕፍት አመጡልኝ፤ ደግ ሰዎች ናቸው። በአንዱ ውስጥ ያ ሁሉም ሰው የሚያውቀው የአምስት ደረጃ ዝርዝር አለ፤ መካድ፣ መቆጣት፣ መደራደር፣ መደበት፣ መቀበል። ዝርዝሩ የመጣው ኤልዛቤት ኩብለር-ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ካሳተመችው መጽሐፍ ነው። ሐኪሟ ያኔ የጻፈችው መሞታቸውን ስላወቁ ሕሙማን ነበር፤ ወደ ቀሪው ሰው የዞረው በኋላ ነው። ይህን ማወቄ አንድ ሸክም አቀለለልኝ። የትኛው ደረጃ ላይ እንደደረስኩ መፈለጌን ተውኩት።

ችግሬ ግን ዝርዝሩ አልነበረም። ማንበብ ራሱ አቃተኝ። አንድ አንቀጽ እጀምራለሁ፣ ዓይኔ መስመሩን ይከተላል፣ ታች ስደርስ ምንም የለም። እመለሳለሁ። አሁንም ምንም የለም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት ለካ እንዲሁ ለአባባል ያህል አይደለም። የሥራ ደብዳቤዎችን እንኳ ድምፄን አውጥቼ ነበር የማነባቸው።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ ድሮ ያወረድኩት፣ አንዴም ከፍቼው የማላውቅ ፋንታሲ፣ ማለትም ስለ ተፈጠረ ምናባዊ ዓለም የሚተርክ ልብ ወለድ አገኘሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ካርታ አለው። ተራራ፣ ወንዝ፣ ሰሜን ጥግ ላይ ሰው የማይገባበት ጫካ። ቀጥሎ የስም ዝርዝር፤ ስሞቹ ምላስ ያስራሉ። ሰማዩ ላይ ሁለት ጨረቃ አለ። አንዷ ስትጎድል ባሕሩ ይሸሻል፣ ሁለቱም ሲሞሉ ማንም ከቤቱ አይወጣም።

እዚያ አገር የሚገባ አንባቢ ምንም አያውቅም። ንጉሡ ማን እንደሆነ፣ ሰው ሲገናኝ እንዴት ሰላም እንደሚባባል፣ የትኛው አበባ እንደሚገድል አያውቅም። ደራሲው ይህን ያውቅለታል። ቀስ እያለ ያስረዳዋል። ደንቆሮ መሆን እዚያ ነውር አይደለም።

እኔም የፈለግሁት ይህንን ነበር። ጋሼ የሌለበት ዓለም ለእኔ አዲስ አገር ነው። ሆኖም ማንም እንደ አዲስ አገር አይቆጥረውም። ጎረቤቴ መኪናውን ያጥባል። ስልኬ ላይ የቅናሽ ማስታወቂያ ይገባል። አለቃዬ ስለ ሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይጠይቀኛል። ሁሉም ነገር «ያው ነው» ይላል። ሁለት ጨረቃ ያለበት መጽሐፍ ግን ነገሩ ያው እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያምናል። ዓይኔ መስመር መያዝ የጀመረው እሱ ላይ ነው።

ጨረስኩትና ተከታዩን ጀመርኩ። እነዚህ መጻሕፍት መቼም አንድ ሆነው አያውቁም፤ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት እያሉ ይዘልቃሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያማርረኝ ነበር። ያን ሰሞን ግን ርዝመታቸው ራሱ ደስ አለኝ። ነገ ማታ የምገባበት ቦታ አለኝ ማለት ነው።

«እናያለን»

የፍቅር ልብ ወለዶቹ የገቡት በመሃል ነው። የዘንዶው ተከታታይ አንድ ክፍል ላይ ጦርነት ተነሳና በየገጹ ሬሳ ሆነ። ዘጋሁት። ደም የሌለበት ነገር አማረኝ።

የፍቅር ልብ ወለድ ሕግ አለው። ሁለት ሰዎች ይገናኛሉ፣ ይናናቃሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ታሪኩ ሊያልቅ ሲቃረብ ክፉኛ ይጣላሉ፣ ከዚያ ይታረቃሉ። ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ለዚህ ዘውግ የተነገረ ይመስላል፤ ጠቡ ሲመጣ ድግሱ መቅረቡን ታውቃላችሁ። የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ለዘውጉ የሰጠው ፍቺ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። የታሪኩ ማዕከል ፍቅር ይሁን፤ መጨረሻው ደግሞ የሚያረካና ተስፋ ያለው ይሁን። መጨረሻው ካላማረ መጽሐፉ ግሩም ሊሆን ይችላል፤ የዚህ ቤት ልጅ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 የተቋቋመው የእንግሊዙ አሳታሚ ድርጅት ሚልስ ኤንድ ቡን በ1930ዎቹ ፊቱን ወደ ፍቅር ልብ ወለድ ካዞረ ወዲህ የኖረው በዚህ ውል ነው።

ሰው ይስቅበታል። መጨረሻው የታወቀ ነገር ምኑ ይነበባል ይላል። እንዲህ የሚል ሰው የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ብዙ አልተቀመጠም ብዬ እገምታለሁ።

ጋሼ በታመመባቸው ሳምንታት ከሁሉም አፍ የምንሰማው አንድ ቃል ነበር፤ «እናያለን»። ሐኪሙ ያያል። ነገ ምርመራው ሲመጣ ይታያል። ሰኞ ዋናው ሐኪም ሲገባ ያየዋል። አልጋው ራስጌ ያለው ስክሪን ላይ የኦክስጅኑን መጠን የሚያሳይ ሰማያዊ ቁጥር አለ። 94 ሲሆን ትከሻዬ ይወርዳል። 91 ሲሆን ከወንበሬ እነሳለሁ። 88 ሲሆን ማሽኑ ይጮኻል። ነርሷ ትመጣና ጣቱ ላይ የተሰካችውን መለኪያ ነካ ነካ ታደርጋለች፤ ቁጥሩ ተመልሶ 93 ይሆናል። «ጣቱ ቀዝቅዞ ነው» ትለኛለች። ልክ ነበረች፤ ጣት ሲቀዘቅዝ መለኪያዋ ታሳስታለች። ስለዚህ ጣቱን በሁለት እጄ ይዤ አሸዋለሁ፣ እተነፍስበታለሁ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ያዳንኩት ይመስለኝ ነበር። ጋሼ አንድ ጊዜ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየኝና፣ «ጣቴን ልትበያት ነው?» አለኝ።

እንግዲህ ከዚያ ወጥቼ ነው እነዚህን መጻሕፍት የጀመርኩት። ገጽ 1 ላይ ያገኘኋት ልጅ ገጽ 300 ላይ ደህና እንደምትሆን አውቃለሁ። በመሃል ባቡሩ ያመልጣታል፣ ደብዳቤው የማይገባው ሰው እጅ ይገባል፣ ዝናብ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ታልቅስ። እኔ ተረጋግቼ እጠብቃታለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ «እናያለን» ያለኝ ደራሲ የለም።

ሌላም ነገር ነበረ፤ እሱን ልብ ለማለት ግን ጥቂት መጻሕፍት ፈጅቶብኛል። የፍቅር ልብ ወለድ ውስጥ ዋናው መሳሳሙ ይመስለኝ ነበር። ዋናው ማስተዋሉ ነው። ሰውየው እሷ ሲጨንቃት ቀለበቷን እንደምታዞር ያያል። ሻይዋን ያለ ስኳር እንደምትጠጣ ያስታውሳል። ሲበርዳት ሳትነግረው ተነስቶ መስኮቱን ይዘጋል። ገጽ በገጽ ይኸው ነው። አንድ ሰው ሌላውን ሰው ልብ ብሎ ሲያይ።

ጋሼ ስዋሽ ጆሮዬን እንደምነካ ያውቅ ነበር። እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። «ጆሮሽን ተይውና እውነቱን አውጪ» ይለኛል። አሁን ያንን የሚያውቅ ሰው የለም። እንዳሻኝ መዋሸት እችላለሁ፤ ማንም አይነቃብኝም። «ደህና ነኝ» ስላቸውም አመኑኝ።

ከዚህ ዘውግ ጋር ግን ጠብም ነበረኝ። እነዚህ የሚያስቁ፣ ቀለል ያሉ የሚባሉ መጻሕፍት ሐዘን የሞላባቸው ናቸው። ልጅቷ እናቷ ሞታባታለች። ሰውየው ሚስቱ ሞታበታለች። ታዲያ ሐዘኑ ሁልጊዜ መጽሐፉ ሳይጀመር ያለቀ ነው። «ከሁለት ዓመት በኋላ» ብሎ ይነሳል። ልጅቷ አዲስ ከተማ ገብታለች፣ የአበባ ሱቅ ከፍታለች፣ ያልተከፈተው ልቧ ብቻ ነው። እነዚያን ሁለት ዓመታት ማን ኖራቸው? የሟቹን ሸሚዞች ማን አጣጠፈ? የባንክ ሒሳቡን ለመዝጋት ማን ተሰለፈ? ስልኩ ላይ «ወንድሜ፣ ጠፋህ እኮ» ብሎ ለጻፈ ሰው ማን መልስ ሰጠ? እኔ የነበርኩት እዚያ በተዘለለው ቦታ ላይ ነው። አንድ ማታ ተናድጄ ያንን መስመር ስክሪኑ ላይ በቀይ አሰመርኩበት።

ቢሆንም ቀዩ መስመር እዚያው እያለ ማንበቤን ቀጠልኩ። ልጅቷ ስለ ሱቋ ኪራይ ትጨነቅ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰው ስለ ኪራይ መጨነቅ ይችላል ማለት ነው። ያን ሰሞን እሱም ወሬ ነበር ለእኔ።

በሩ ፊት

ወሩ ሊያልቅ ሲል ወደ ዘንዶዎቹ ተመለስኩ። አሁን የማወራውን መጽሐፍ በስሙ አልጠራውም፤ ልታነቡት ለምትችሉት ማበላሸት ይሆናል። ዋናው ልጅ ወንድሙ በጦርነት ሞቶበታል። ታሪኩ ከተጀመረ አንስቶ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በሙታንና በሕያዋን አገር መካከል ያለ በር። ስንት መቶ ገጽ ሄደ። በረሃ አቋረጠ፣ ሁለት ጣቶቹን ብርድ ቆረጣቸው፣ የሚወዱትን ሰዎች አስቀየመ። ደረሰ። በሩ ተከፈተ። ወንድሙ ወዲያ ማዶ ቆሞ ይታየዋል። የቀረው ስሙን መጥራት ብቻ ነው። ከጠራው ይመጣል።

ሊነጋጋ ነው። ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፌ ተቀምጫለሁ። የስልኬ ባትሪ እያለቀ ነው፤ የቻርጀሩ ገመድ አጭር ስለሆነ አንገቴን አጣምሜ ነው የማነበው። እየለመንኩ ነበር። በሆዴ መስሎኝ ነበር፤ ከንፈሬ ይንቀሳቀስ እንደነበር ያወቅሁት ድምፄን ስሰማው ነው። «ጥራው። ጥራው በቃ!» አንድ ሰው ከጭንቅላቱ አውጥቶ የፈጠረውን፣ የትም የሌለ ልጅ።

አልጠራውም። ሁለት ገጽ ያህል ቆሞ አሰበ። ቀደም ብሎ አንድ ሽማግሌ የነገሩት ትዝ አለው፤ ከዚያ የሚመለስ ሰው የሄደው ሰው አይደለም ብለውት ነበር። ወንድሙን ተሰናበተው። በሩን ዘጋ። ሰላም ተሰማው ይላል። ወፎች ይዘምራሉ፤ ምዕራፉ ያልቃል።

ስልኩን ወረወርኩት። አልጋው ላይ ነው የወረወርኩት፤ ሌላ የምገዛበት ገንዘብ እንደሌለኝ በዚያች ሰከንድም አልጠፋኝም። ግን ወረወርኩት።

ጠዋት ሥራ ቦታም ንዴቱ አልለቀቀኝም። ምኑ ነው? እያልኩ አሰብኩ። ፋንታሲ ውስጥ ሁሉም ይቻላል። ሰው ንስር ይሆናል፣ ተራራ ይናገራል፣ ሰይፍ ባለቤቱን ያውቃል። ሙት ማስነሳት ላይ ሲደረስ ግን አብዛኞቹ ደራሲዎች በአንድ አፍ «አይሆንም» ይላሉ። ሙት የሚያስነሳው ክፉው ጠንቋይ ነው። የሚነሳው ሰው ዓይኑ ባዶ፣ እጁ በረዶ ነው። ደጉ ሰው ይተዋል፤ መተዉ ነው ደግነቱ። እኔ ከዚያ ሁሉ ጉዞ በኋላ የተሰጠኝ ትምህርት፣ ሞት አይመለስም የሚል ነው። ይህንን ለማወቅ ዘንዶ ያስፈልገኝ ነበር?

ደራሲው በዚያች ዓለም ፈጣሪ ነው እኮ። አንድ መስመር ነው የሚያወጣው። «ጠራው፤ ወንድሙም መጣ፤ እጁም ሞቃት ነበር።» ማን ይከሰዋል?

በዚህ ንዴት ተነስቼ ሰዎች ስለ ጉዳዩ የጻፉትን መፈለግ ጀመርኩ። «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን የጻፈው እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1939 ስኮትላንድ ውስጥ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተረት ንግግር አድርጎ ነበር። ተረት መሸሻ ነው እያሉ የሚያጣጥሉትን ይሞግታል። እስረኛ ከወህኒ ሲያመልጥና ወታደር ከግንባር ሲከዳ አንድ አድርጋችሁ አትዩት ነው ነገሩ፤ የታሰረ ሰው ከግድግዳና ከዘበኛ ሌላ ነገር ቢያስብ ምን ነውር አለው? ሰው ሊያመልጥ ከሚመኘው ነገር ሁሉ ጥንታዊውና ጥልቁ ደግሞ ሞት ነው ይላል። የሚናገረው ሰው አባቱ በ4 ዓመቱ፣ እናቱ በ12 ዓመቱ የሞቱበት ነው። ከአፉ የወጣውን ያውቀዋል።

እኔን የያዘኝ ግን ጓደኛው፣ ናርንያ ስለምትባል ምናባዊ አገር ለልጆች የጻፈው ደራሲ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ነው። እናቱ እ.ኤ.አ. በ1908 በካንሰር ሞተች። 9 ዓመቱ ነበር። እንድትድን ጸልዮ ነበር፤ አልዳነችም። በ1955 ካሳተመው የናርንያ መጽሐፍ ውስጥ እናቱ በጠና የታመመችበት አንድ ልጅ አለ። ልጁ የሚያድን ፖም ካለበት የአትክልት ስፍራ ይደርሳል። ጠንቋይዋ፣ ሰርቀህ ለእናትህ ውሰድላት ትለዋለች። አልሰረቀም፤ የታዘዘውን ፖም ብቻ ይዞ ተመለሰ። እስካሁን ያው የለመድነው ሕግ ነው፤ ደጉ ልጅ ይተዋል። ጠብቄ ነበር የማነበው፣ አሁን ወፎቹ ይዘምራሉ ብዬ። ሉዊስ ግን እዚያ አያቆምም። ልጁ ቀደም ብሎ ስለ እናቱ ሲለምነው ዓይኑ እንባ የሞላው አንበሳ፣ የናርንያ ፈጣሪ፣ በመጨረሻ ራሱ ፖም ይሰጠዋል። ልጁ ቤቱ ይዞላት ይሄዳል። በላች፤ ተኛች፤ ዳነች።

ሉዊስ ይህን ያሳተመው ከገዛ እናቱ ሞት 47 ዓመት በኋላ ነው። የ56 ዓመት ሰው፣ ፕሮፌሰር፣ ስለ ሥነ መለኮት ስንት መጽሐፍ የጻፈ ሰው። ቁጭ ብሎ ለአንድ የተፈጠረ ልጅ ፖም አስያዘውና እናቱን አዳነለት። ዘዴኛም ነው፤ ልጁ የደረሰው በሩ ሳይዘጋ ስለሆነ ሙት አስነሳ አይባልም። ስንት ሰዓት እንዳለቀስኩ አላውቅም። እናትየዋ ስለዳነች ነው ያለቀስኩት፤ እንዲህ ስል ሞኝነት ይመስላል፤ ይምሰል።

እሱ ራሱ ሚስቱ በ1960 ሞተችበት። በዓመቱ ስለዚያ ሐዘን ትንሽ መጽሐፍ አወጣ፤ ስሙን ደብቆ። እሷ ውስጥ ፖም የለም።

ምን ትፈልጊያለሽ?

ወደዚያ የተዘጋ በር ልመለስ። ምዕራፉን እስካሁን አልወደውም። ደራሲው ተሳስቷል እላለሁ፤ ሰላም ተሰማው ማለቱ ይበልጥ ያናድደኛል። ነገር ግን ጋሼ ከታመመ ጀምሮ ያንን ነገር በቃሌ የተናገርኩት ያን ሌሊት ብቻ ነው።

ሐዘን ላይ ያለ ሰው ብዙ ነገር ይጠየቃል። እንቅልፍ ወሰደሽ ወይ፣ ምን ልርዳሽ፣ ከጎንሽ ማን አለ? ምን ትፈልጊያለሽ የሚለው ግን እውነተኛ ጥያቄ ሆኖ አይመጣም። መልሱ ይታወቃላ። የማይሆን ነገር ነው የምትፈልጊው። አዋቂ ሰው ደግሞ የማይሆን ነገር አይጠይቅም። ስለዚህ ምኞቷ ትዋጥ ይሆናል፣ ወይም በጸሎት ውስጥ ትደበቅ ይሆናል፤ እኔ ጸሎቴን ሆስፒታል ጨርሼው ነበር የወጣሁት። ያ መጽሐፍ ብቻ ነው እጄን ይዞ ያን ሁሉ ገጽ አስጉዞ በሩ ፊት አቁሞ፣ በይ፣ ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝ። ጥራው ነው ያልኩት። በድምፅ። ደራሲው እምቢ ማለቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ዘመዳችን «ያስረሳሻል» ላሉኝ ይህ መልስ ይሁን አይሁን አላውቅም። እሳቸው ጋ ሄጄ እንዲህ ብል ግራ ይገባቸዋል። ደግሞ ሙሉ በሙሉም አልተሳሳቱም። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ሐሳብ፣ ሐዘንተኛ ወደ ሐዘኑ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይመለሳል ይላሉ። ከሐዘን አረፍ የሚባልበት ሰዓትም የሐዘኑ አንዱ ክፍል ነው፤ ከሟቹ የተሰረቀ ጊዜ አይደለም። ይህን ሳነብ ትንሽ ትከሻዬ ወረደ። እኔ ላይ ግን መግቢያውና መውጫው አንድ ገጽ ላይ ነበር። የአበባ ሱቋ ልጅ ስታስቀኝ ስቄ ሳልጨርስ ጋሼ ይመጣል፤ ጋሼን እያሰብኩ ስከፍት ደግሞ ዘንዶው አንድ ነገር ይናገርና እስቃለሁ።

ሁሉም መጻሕፍት ጥሩ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ሦስት አራቱን ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ጥያቸዋለሁ። ሐዘን ልጅቷን ይበልጥ ቆንጆ ያደረጋት አንድ መጽሐፍ ነበረ፤ ከሲታ፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ሁሉም የሚያዝንላት። እኔ በዚያ ወር ፀጉሬን የምታጠብበት አቅም አጥቼ ሻሽ ነበር የማስረው። ደህና ሁኚ አልኳት።

ወሩ ሲያልቅ ልማዱም እንዲሁ በራሱ አለቀ። አንድ ማታ መጽሐፍ ሳልከፍት ተኛሁ፤ በማግስቱም እንደዚያው። አሁን ሌላ ሌላ ነገር አነባለሁ፤ ዜናም ሳይቀር።

የጋሼ ልጅ 14 ዓመቷ ነው። በዚህ አባቷን አልወጣችም፤ ታነባለች። በቀደም ቤቴ መጥታ ስልኬን ስትጎረጉር ያንን ካርታ አገኘችው። «ይኼ የምን አገር ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ላኪልኝ አለች። ጨነቀኝ። አባቷ የሞተባትን ልጅ ወደዚያ በር ልሸኛት ነው? እንቢ ብላት ደግሞ ራሷ ፈልጋ እንደምታገኘው አውቃለሁ። ቢያንስ ላስጠንቅቃት ብዬ፣ «ስሚ፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ አንድ ምዕራፍ አለ፣ እዚያ ላይ ልጁ...» ስል ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ደፈነች።

«አክስቴ! መጨረሻውን እንዳትነግሪኝ! ሰው እንዴት መጨረሻ ይናገራል?»

ላክሁላት። ከዚያ በኋላ ጠፋች፤ የትኛው ምዕራፍ እንደደረሰች ለመጠየቅም ፈራሁ። አንድ ሌሊት፣ እሷ ከተኛች ሰዓታት ያለፉ መስሎኝ ሳለ፣ ስልኬ ተንጫጫ።

«ለምን አልጠራውም????»

ከዚያ ወዲያው፦ «ደራሲውን ጠላሁት። በጣም ነው የጠላሁት።»

«እኔም» ብዬ ጻፍኩላት።

ትንሽ ቆየች። እየጻፈች መሆኑን የሚያሳዩት ነጥቦች ታዩ፣ ጠፉ፣ ታዩ።

«ቀጣዩ ክፍል አለሽ?»